ድሬ ላይ ባሕር የት አለ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ሶልያና ማንጎራጎር የጀመረችውም በመስከረም ነው። ሽንኩርት እየላጠች፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጎረቤት እየሰማ «እምምም» ስትል ባሏን አቤኔዘርን የሚጠጣው ሻይ ትን አለው።

ማንጎራጎር እንኳን ስልሳን ባለፈች ሴት በጎረምሳም አያምርም። ሰው ሁሉ ከጆሮው ጀርባ፣ አጥንቱ ላይ፣ ሽንብራ የምታህል ፍሬ ለጥፎ የየራሱን ዘፈን ይሰማል፤ የአንዱ ጉርጉርታ የሌላውን ያበላሻል። ጧት ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ብትወጡ መንገዱ ጭር ያለ ነው። ሰዉ ግን በየምቱ ነው የሚራመደው፤ አንዱ ዘገም፣ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ አንዷ ደግሞ መንገድ መሀል ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ሠርግ ቤትም ያው ነው። ሙሽራው በራሱ ዘፈን ይጨፍራል፣ ሙሽሪት በራሷ፣ ሚዜዎች በየራሳቸው። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የጫማ ኮቴና ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ይህም የሚገርመው ሰው የለም።

ያስቸገረው ልቅሶ ቤት ነበር። ፍሬን አውልቆ መግባት ደንብ ነው፤ ነገር ግን ፍሬ የምትዘፍነው በአጥንት ስለሆነ ሰው ጡጫው ውስጥ ጨብጧት ይገባል፤ ዘፈኑም በእጁ አጥንት አድርጎ ይዘልቅለታል። ስንቱ ነው ሬሳ ሳይወጣ በጡጫው ሲዝናና የተያዘ! ስለዚህ አሁን የዕድሩ ዳኛ ከሁሉ አስቀድሞ ይነሳና «እጅ ዘርጉ!» ይላል። ሰዉ መዳፉን ገልጦ ጉልበቱ ላይ ያኖራል። ባዶ መዳፍ ማለት ከእናንተ ጋር ነኝ ማለት ነው። ያልዘረጋ ሰው በማግስቱ ሰላም የሚለው የለም።

ሰው የሚባለው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ክፍትና ነባር። በየዓመቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክንድን መግለጥ ነው። ሰምታችሁት የማታውቁትን ዘፈን ያሰሟችሁና ክንዳችሁን ያያሉ። ውርር ካለና ፀጉሩ ከቆመ ጆሯችሁ ክፍት ነው፤ በየጧቱ ለእናንተ ብቻ የተሠራ፣ ዳግመኛ የማትሰሙት አዲስ ዘፈን ይመጣላችኋል። ክንዱ ዝም ካለ ነባር ናችሁ። ለነባር አዲስ ነገር አይባክንም፤ በወጣትነቱ የወደዳትን ዘፈን፣ ዘፈኑን የሚልከው ዜማ ቤት እንደሚለው «ጠርገን ወልውለን» በየጧቱ ይልኩለታል። አብዛኛው ሰው አርባ ሳይሞላው ነባር ይሆናል። ካረጁ አይበጁ ብሎ ይስቅና ባቡር ሲሳፈር ፉርጎው ውስጥ ነባሮች የሚቀመጡበት ጋ ሄዶ ይቀመጣል።

አቤኔዘር ገና በሠላሳዎቹ ነባር ሆነ። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ይኮራበታል። ዘፈኑ የሠርጉ ዘፈን ናታ! የእሱና የሶልያና ሠርግ በድሬዳዋ ባንድ ከቆመባቸው የመጨረሻዎቹ ሠርጎች አንዱ ነበር። ሕዝቡ በሙሉ አንድ ዘፈን ሰምቶ በአንድ ምት ጨፍሯል። «እኔ አንዲት ሚስት፣ አንዲት ዘፈን» ይላል፣ ላልጠየቀው ሰው ሁሉ። ጧት ጧት በረንዳው ላይ በሽርጡ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። ዘፈኗ «ባሕሩ ሲነሳ» ብላ ስትጀምር ክንዱ ውርር ይላል፣ ሆዱ ይባባል። በዚህ ዓለም ላይ ይህችን ዘፈን ከእሱ ጋር የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፤ እሷም ወጥ ቤት ውስጥ ናት። ይህ ይበቃዋል። ይበቃው ነበር ማለት ይሻላል።

ምክንያቱም ሶልያና ክፍት ናት። ከስልሳ አልፋም ክፍት ናት፣ ጤና ጣቢያ ያሉት ልጆች እስኪገረሙ ድረስ። የአቤኔዘር ሕመም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቁርስ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ፉሉን በዳቦ እያጠቀሰች፣ ድንገት ማኘኳን ታቆማለች። ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ብድግ። ዓይኗ እሱ ወደሌለበት ቦታ ይሄዳል። እስቲ ፍረዱ፤ ሚስታችሁ በየጧቱ ዓይናችሁ እያየ ሌላ ታፈቅራለች፣ ሌላው ደግሞ ሰው አይደለም እንዳትደባደቡት።

«ዛሬ ደግሞ እንዴት ያለች ናት?» ይላታል፣ ዳቦውን አለልክ እየቆረሰ።

«ኧረ አቦ፣ እኔ እንጃ! ነገ እንደሁ የለችም» ትለዋለች።

ነገ የለችም። ይህች ቃል ስንት ዓመት አጽናንታዋለች መሰላችሁ።

እንግዲህ አሁን ማንጎራጎሯን ተመልከቱ። ሰኞ ያንጎራጎረችውን ማክሰኞም ያችኑ። ረቡዕም ያችኑ። ክፍት ሰው አንድ ዘፈን ሁለቴ አይሰማም! ሁለቴ የሰማ ፈልጎ ነው የሰማው። ፈልጎ የሚሰማ ሰው ደግሞ ምን እንደሆነ አቤኔዘር ከራሱ ያውቀዋል።

«ሶሊ፣ ማን ናት እሷ?»

«የቷ?»

«ይቺ በአፍንጫሽ የምታወጫት።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። በዚያ ዕድሜ ሚስቱን እንዲያ ስትቀላ አይቷት አያውቅም፤ ካያትም ረስቶታል። «ምንም» አለችው።

ምንም! «ምንም» የተባለ ነገር ምንም ሆኖ ያውቃል? አቤኔዘር ቀኑን ሙሉ ከወጥ ቤቱ በር ሳይርቅ ዋለ። ማታ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ከሳሙናው ጎን የሶልያናን ፍሬ አገኛት፣ ደርቃ፣ አቧራ ለብሳ። ከተለጠፈች ሰንብታለች። ፍሬዋን ካላደረገች ዘፈኑ ከየት ይመጣል? ዘፈን ከፍሬ ካልመጣ ከሰው አፍ ነው የሚመጣው። ከየትኛው አፍ?

በማግስቱ ከሰዓት ከጎረቤቱ ከፋሩቅ ጋር ጫት ሲቅም ዳር ዳሩን ዞረ። «ፋሩቅ፣ በዚህ ዘመን የሚያንጎራጉር ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«ያበደ ነው። ወይም ያፈቀረ።»

«ሌላ ምክንያት የለም?»

«ወላሂ የለም። ማን ነው?»

«አንድ የማውቀው ሰው… ሚስቱ…»

«አቦ፣ ይንቃ በለው!» አለው ፋሩቅ፤ ለስላሳዋን ቀንበጥ መርጦ አቀበለው፣ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው። አቤኔዘር ቀንበጧን ይዞ ቀረ፤ ምርቃናውም በዚያ ቀን እንቢ አለው።

ድሬ በቀትር ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ጥላ ፈልጎ ይዘረራል። በሚቀጥለው ቀን ሶልያና የወጣችው ያኔ ነው፣ ነጠላዋን ፀሐይ ለመከላከል አናቷ ላይ ጥላ። አቤኔዘር ተከተላት። ሲከተላት አንድ ነገር ታዘበ፤ እግሩ እንቢ አለው። ዘፈኗ ጆሮው ውስጥ እየመታች እግሩን በራሷ ምት ታራምደዋለች፤ ሶልያና ሌላ ሰው ትመስል ፈጠን ፈጠን ትላለች፣ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። በመጨረሻ ከጆሮው ጀርባ ፍሬዋን ጠቅ አድርጎ ዝም አሰኛት። ያለ እሷ መንገድ ከሄደ ስንት ዘመኑ! የገዛ ጫማው ድምፅ አስደነገጠው።

ሶልያና ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ያረጁት የሠራተኛ ቤቶች ጋ ደርሳ አንድ የቆርቆሮ በር ገፍታ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ውስጥ ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ የሚሰማው፣ አየር ላይ ያለ ድምፅ! ኪቦርድ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ተሰብሮ በየመሀሉ ቋ ይላል። አቤኔዘር ዓይኑን የቆርቆሮው ሽንቁር ላይ አስጠጋ። ከኒም ዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ ደረቱን ገልጦ፣ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ ብሎ ይጫወታል። ሶልያና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ታጨበጭባለች፣ ትዘፍናለች። ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል። አቤኔዘር ከዚያ ርቀት ፀጉር ይታያል ወይ እንዳትሉኝ፤ ቀናተኛ ሰው የሌለውንም ያያል።

በሩን በርግዶ ገባ። «ይኸው! ይኸው ጉዴ!»

«አቤኒ!» ብላ ሶልያና ብድግ አለች።

ሽማግሌው እጁን ከኪቦርዱ አላነሳም። «ግባና በሩን ዝጋው፣ ፍየል ይገባል» አለው።

«አንተ ማነህ? ከሚስቴ ጋር ምን ትሠራለህ?»

«ባምላክ ነኛ! ሠርግህ ላይ የዘፈንኩልህ። ያኔ ፀጉር ነበረኝ።»

ድሬ ነውና አንቱታ ብሎ ነገር የለም፤ ሰማንያ ይሙላው ዘጠና አንተ ነው። አቤኔዘር ግን ዞሮ ሶልያናን አየ። ሶልያና መሬት መሬት ታያለች።

«ደከመኝ፣ አቤኒ» አለች። «በየጧቱ ፍቅር፣ በየማታው መርሳት። ስንት ሺህ ዘፈን ወደድኩ፤ አንዷን ብቻ አንጎራጉሪ ብትለኝ አልችልም። ፍሬዋን አወለቅኳት። ዝም ሲልልኝ ጊዜ የእኛዋ መጣች፣ ግማሿ ጠፍቶባት። እንዴት ብዬ ልንገርህ? አንተ በየጧቱ እየሰማሃት፣ እኔ የሠርጌን ዘፈን ረሳሁ ልበልህ? አፈርኩ። ባምላክ ያስታውሳት እንደሆን ብዬ መጣሁ።»

«የቷን የእኛን?»

«የሠርጋችንን ነዋ!»

አቤኔዘር ከት ብሎ ሳቀ። ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ሁሉ የወረደለት መሰለው። «ይቺን? ይቺን ጉርጉርታሽን? ሶሊ፣ እኔ ይቺን ዘፈን በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም!»

ባምላክና ሶልያና ተያዩ። ባምላክ እንደገና ከመጀመሪያው ያዘ፤ ሶልያናም አብራው ዘፈነች፦

ባቡሩ ሲነሳ፣ ፉጨቱ ሲጣራ፣
ልቤ ተሳፈረ፣ ጥሎኝ በከዚራ።

አቤኔዘር ክንዱን ገልጦ አየው። ምንም። ሳይጠራ የሌላ ሰው ሠርግ ገብቶ የተቀመጠ መሰለው። «አይደለችም» አለ። «እሷ አይደለችም! ሁለታችሁም ጃጅታችኋል!» ከዚያ ማንም የማያደርገውን አደረገ። ፍሬ ማዋስ የጥርስ መፋቂያ እንደማዋስ ነው፤ ባልና ሚስት እንኳ ይጸየፉታል። እሱ ግን ከጆሮው ጀርባ ላጠና፣ ጠቅ አድርጎ አስነስቶ ዘረጋላት። «እንኪ! የሠርግሽን ዘፈን ስሚና እፈሪ!»

ሶልያና ለጠፈቻት። መጀመሪያ ለሕፃን እንደሚታዘን ፈገግ አለች። ቀጥሎ ግንባሯ ተኮማተረ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ ክንዷ ውርር አለ። ፀጉሩ እንዳለ ብድግ። ሦስቱም አዩት። የክፍት ሰው ክንድ የሚቆመው ሰምቶት ለማያውቀው ዘፈን ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

«ቆንጆ ናት» አለች፣ በደረቀ ድምፅ። «ይህቺ ማን ናት?»

«እንዴት ማን ናት? የሠርጋችን…»

«ባሕሩ ሲነሳ ትላለች።»

«አዎ!»

«ድሬ ላይ ባሕር የት አለ?»

በእርግጥም ድሬ ላይ ባሕር የለም። ያለው የደቻቱ ወንዝ ነው፣ እሱም ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው። አቤኔዘር የዘፈኗን ስንኞች በልቡ ደገማቸው፦ ባሕሩ ሲነሳ፣ ነፋሱ ሲጣራ፣ ልቤ ቀዘፈልሽ፣ ፋኖሱ ሳይበራ። ይህን ሁሉ ዘመን በየጧቱ ሲቀዝፍ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ የት እንደሚቀዝፍ ጠይቆ አያውቅም።

ባምላክ ድዱ እስኪታይ ሳቀ። «ወለወሉሃ! ነባርም እኮ ይሰለቻል፣ ወንድሜ። ያችኑ ቢልኩልህ በወሩ ፍሬዋን አሽቀንጥረህ ትጥላት ነበር። ዛሬ አንዲት ቃል፣ ከርሞ አንዲት ምት፣ እንዳይታወቅህ አድርገው… ባቡሩ ባሕር እስኪሆን።»

«ዝም በል አንተ» አለችው ሶልያና። ፍሬዋን ከጆሮዋ ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ታያት ነበር። ቀና ስትል አቤኔዘር የማያውቀውን ዓይን ነው ያመጣችው። የማያውቀው አይደለም፤ የራሱ ዓይን ነው፣ ቁርስ ላይ በቅናት እሷን የሚያይበት ዓይን።

«የእኔዎቹ ነገ የሉም» አለች። «ሺህ ወደድኩ፣ ሺውም በማግስቱ ሞቱ። አንተ ግን አንዲት ይዘሃል። ስታገባኝ ሕፃን ነበረች፤ አብራህ አደገች፣ አብራህ ተለወጠች፣ እኔ አላውቃትም። ያውም በእኔ ስም! እሷን እየሰማህ እኔን ያሰብክ እየመሰለህ!»

«ሶሊ፣ ዘፈን እኮ ናት…»

«እኔ ሳንጎራጉርስ ምን ነበረች?»

ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ነው። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ዞር አለችና ፍሬዋን መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ወይ እሷ ወይ እኔ» አለችው። ሊስቅ ቃጣው። ሶልያና አልሳቀችም። «በዘፈን የሚፋታ ሰው አለ ወይ ልትል ነው? አለ። ልብሴን ይዤ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሂድና ደቻቱ ውስጥ ቅበራት፤ የእኛዋን እኔ አስተምርሃለሁ።»

ሄደ። ፀሐይ ሲበርድ ደቻቱ ውስጥ ወርዶ በእጁ አሸዋውን ጫረ፤ ጉድጓድም አበጀ። እንግዲህ ልጣላት ብሎ ፍሬዋን በጣቶቹ ያዝ ሲያደርጋት በአጥንቱ አንዲት ስንኝ ሾለከች። ዓይኑ እንባ ሞላ። አሮጌ ሰው አሸዋ ላይ ተንበርክኮ ስለ ባሕር አለቀሰ። ጉድጓዱን ደፈነው፣ ባዶውን። ቤት ገብቶም «ቀበርኳት» አላት። ውሸት ነው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሶልያና በየጧቱ በረንዳው ላይ ትዘፍንለታለች። መስኮቱም በሩም ክፍት ነው፤ ጎረቤት እንዳሻው ይበል ብላለች። ፋሩቅ ሲያልፍ ራሱን ይነቀንቃል። አቤኔዘርም አልሰነፈም፤ ያጨበጭባል፣ ግጥሙን በቃሉ ይዟል፣ ባምላክ ያስታወሳትን ሦስተኛዋን ቤት ሳይቀር ይደግማል። እግዜር ያውቃል ሊወዳት ፈልጓል። ክንዱ ግን የእንጨት ክንድ ነው። ሶልያና እየዘፈነች ክንዱን ታያለች። ሻዩን ስታቀብለው ብርጭቆውን ከእጁ ራቅ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ከአልጋውም ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትተኛለች። ሌላዋን ናፍቆ እንደሆነ ታውቃለች። የናፈቀ ሰው እንዴት እንደሚያኝክ ከማንም በላይ ታውቃለች።

አንድ ቅዳሜ ጧት የእህቷ ሻንጣ በሩ ጋ ተቀምጦ አየ። ለሌላ ጉዳይ ተውሳው እንደሆነ ወይም ልትሄድበት እንደሆነ አልጠየቀም፤ መጠየቅ ፈራ። ሶልያና መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ደህና ቀሚሷን ለብሳለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ዘፈነች፤ እንደዚያን ዕለት ዘፍናም አታውቅ። ድምፅዋ አርጅቷል፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። *ባቡሩ ሲነሳ* ስትል አቤኔዘር ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን አያት፤ ቀጭኗን አንገቷን፣ ትንፋሽ ስትወስድ የሚርገበገበውን። *ልቤ ተሳፈረ* አለች።

ክንዱ ውርር አለ።

ከክርኑ ጀምሮ ፀጉሩ አንድ በአንድ ቆመ። ሶልያና ዘፈኑን አቋረጠችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ሞላ። «አቤኒ! ቆመ! ይኸው ቆመ!»

«ቆመ» አለ እሱም፣ እንባው እየመጣ። እውነቱን ነበር፤ ቆሟል። የቷ እንዳቆመችው ግን እሱ ራሱ አያውቅም። በጆሮው ባቡሩ ገብቷል፣ ከታች በእጁ አጥንት ባሕሩ መጥቷል፤ ሁለቱም «ልቤ» ያሉት እኩል ነው። ባቡሩ ናት ብሎ ሊምል ይችላል። ቢምልም ውሸት ላይሆን ይችላል።

ሶልያና እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ግራ ክንዱን ዳሰሰችው፣ ፀጉሩን በተቃራኒው እያሻሸች፣ ከክርኑ ወደ ታች። እጇ ቁልቁል ሲወርድ ዓይኗም አብሮ ወረደ። አንጓው ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ። ግራ እጁ ከሽርጡ እጥፋት ውስጥ ነበር፣ ተጨብጦ።

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። ትንሽ ቆየ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው።

«አቤኒ» አለችው። «እጅ ዘርጋ።»

አቤኔዘር ቀኝ እጁን ዘረጋላት። መዳፉ ባዶ ነው፣ ላብ አጥምቆታል። አላየችውም።

«ሌላኛውን» አለችው።